ስላይድ የመጽሐፍ ገጽ አይደለም፤ ሒሳብን በቢመር ስለማቅረብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ስለ ስላይድ አሠራር ለመናገር ይህን ያህል ሰው መሰብሰብ ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ ቀልዶብኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የትእዛዞቹን ዝርዝር ከፕሮግራሙ መመሪያ ማንም አንብቦ ሊረዳው ይችላል፤ ለዚያ የእኔ ንግግር አያስፈልግም። እኔን ለዓመታት ሲያሳስበኝ የቆየው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በሚገባ የተዘጋጀ የሒሳብ ስላይድ ከአድማጭም ከተናጋሪውም ስሕተትን የመሸሸግ ኀይል ያለው መሆኑ ነው። ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ የጥናቴን ዋና ውጤት በዲፓርትመንት ሴሚናር ላይ እንዳቀርብ ተራ ደረሰኝ። የተሰጠኝ ጊዜ 40 ደቂቃ ነበር፤ እኔ ግን 62 ፍሬም ይዤ ቀረብኩ። ስላይዶቼ በቢመር የተሠሩ፣ ቀመሮቹ እንደ ታተመ መጽሐፍ ጥርት ብለው የተደረደሩ፣ ቲዎረሞቹ በሰማያዊ ሳጥን የተከበቡ ነበሩ። ወደ ዋናው ማረጋገጫ ስደርስ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ እንጠብቅ ተባለ፤ አልተነሣም። ከፊተኛው ረድፍ የተቀመጡ አንድ አንጋፋ መምህር «ጠመኔ አለ አይደል እንዴ፣ ቀጥል» አሉኝ።

ቀጠልኩ። ሁለተኛው ረዳት ቲዎረም ላይ እስክደርስ ድረስ እጄ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ሁሉም መልካም ነበር። በዚያ ቦታ ላይ የፈንክሽኖች ሲኩዌንስ ነበረኝ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ወደ አንድ ፈንክሽን ይጠጋል። «ስለዚህ» ብዬ ጻፍኩ፤ «ኢንተግራሎቻቸው ወደዚያ ፈንክሽን ኢንተግራል ይጠጋሉ።» አንጋፋው መምህር «በምን ምክንያት?» አሉ። ዝም አልኩ። በስላይዱ ላይ ይህ እርምጃ አንዲት ቀስት ነበረች። ቀስቷ በጣም ቆንጆ ስለነበረች አንድም ቀን ምክንያቷን ጠይቄያት አላውቅም።

በአዳራሹ የተቀመጣችሁ የሒሳብ ተማሪዎች ነገሩ ወዲያው ገብቷችኋል። ሊሚትና ኢንተግራል እንዲሁ በፈቃዳችን ቦታ አይቀያየሩም። መምህሩ ጠመኔውን ከእጄ ተቀብለው ሦስት መስመር ጻፉ። መቶኛው ፈንክሽን በ0 እና በ1/100 መካከል ዋጋው 100፣ ከዚያ ውጭ 0 ይሁን፤ ሺኛው በ0 እና በ1/1000 መካከል ዋጋው 1000፣ ከዚያ ውጭ 0 ይሁን፤ ሌሎቹም እንዲሁ። የእያንዳንዳቸው ኢንተግራል 1 ነው። ነገር ግን የትኛውንም ነጥብ ብንወስድ ከተወሰነ ተራ በኋላ የፈንክሽኖቹ ዋጋ እዚያ 0 ይሆናል፤ ስለዚህ የሊሚቱ ኢንተግራል 0 ነው። አንድና ዜሮ እኩል አይደሉም። ሌቤግ ያረጋገጠው ቲዎረም የሚሠራው የሁሉንም ፈንክሽኖች ፍጹም ዋጋ ከላይ የሚገድብ፣ የራሱም ኢንተግራል ውሱን የሆነ አንድ ፈንክሽን ሲገኝ ነው። እኔ ያንን ፈንክሽን አልፈለግሁትም ነበር። ፈልጌ ለማግኘትና ረዳት ቲዎረሙን በጠበበ ቅድመ ሁኔታ እንደገና ለመጻፍ አራት ወር ፈጀብኝ። መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ ያ ስሕተት ከጥናቴ ጋር ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያንኑ ስላይድ አማካሪዬም፣ ሁለት ጓደኞቼም አስቀድመው አይተውት ነበርና።

ለምን አላየነውም? መልሱን ለማግኘት መሣሪያው ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበብ የጻፉት ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ የሁለተኛው ቅጽ አዲስ እትም የሙከራ ኅትመት ሲደርሳቸው የሒሳቡ መልክ እጅግ አላስደሰታቸውም። ጥቂት ጊዜ ይወስዳል ብለው የጀመሩት የማስተካከያ ሥራ ወደ ዐሥር ዓመት ያህል ወሰደባቸው፤ ውጤቱም ቴክ ነው። (በነገራችን ላይ የመጨረሻው ፊደል የግሪክ ኺ ነው፤ ክኑዝ እንደሚፈልጉት ለመጥራት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲቸገሩ እኛ «ኽ» ስላለን አንቸገርም።) በ1980ዎቹ ሌስሊ ላምፖርት በቴክ ላይ ላቴክን ሠሩ። ከዚያ ቲል ታንታው የተባሉ ጀርመናዊ በ2003 የዶክትሬት ጥናታቸውን ለመከላከል ለራሳቸው የሚሆን የስላይድ ማዘጋጃ አሰናዱ፤ ባልደረቦቻቸው ሲጠይቋቸው ለሕዝብ ለቀቁት። ቢመር የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቴክ የተፈጠረው ለመጽሐፍ ነው። ጥበቡ ሁሉ አንድን አንቀጽ እንደ አንድ አካል ቆጥሮ መስመሮቹን ማመጣጠን፣ ገጹን መሙላት፣ ቀመሩን በቦታው ማስቀመጥ ነው። የመጽሐፍ አንባቢ ደግሞ ነጻ ሰው ነው፤ ያልገባው መስመር ላይ ግማሽ ሰዓት ሊቆም፣ ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ሊመለስ፣ ሻይ ጠጥቶ ሊመጣ ይችላል። የስላይድ አድማጭ ይህ ነጻነት የለውም። ጊዜው በተናጋሪው ጣት ሥር ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር ቢፈልግም ከእጁ ፍጥነት በላይ ሊሮጥ አይችልም፤ እየጻፈ ያስባል፣ አድማጩም እየገለበጠ ያስባል። ቢመር ግን ለገጽ የተሠራውን ውበት ወስዶ፣ የእጅን ዝግታ አስቀርቶ፣ በአንድ ቁልፍ ንክኪ ይገልጠዋል። የታተመ የሚመስል ነገር ደግሞ የተመረመረ ይመስላል። እኔም፣ አማካሪዬም፣ ጓደኞቼም የተሸነፍነው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። የቢመር መመሪያ የሚያስተምርበት ዋና ምሳሌ በጣም ያስደስተኛል። ተናጋሪው ራሱ የእስክንድርያው ኤውክሊድ ነው፤ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች በተጠራ ጉባኤ ላይ «ከሁሉ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር የለም» የሚለውን ማረጋገጫውን በስላይድ ሊያቀርብ ይዘጋጃል። ምሳሌው ቀልድ ቢመስልም የተመረጠበት ምክንያት አለው። ማረጋገጫው አራት እርምጃ ብቻ ነው፤ አንድ ፍሬም ላይ ይገባል፤ ጥያቄው የትኛው እርምጃ መቼ ይገለጥ የሚለው ብቻ ይሆናል። በቢመር አንድ ፍሬም በርካታ ተደራራቢ ስላይዶች ሊኖሩት ይችላል፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን በማዕዘን ቅንፍ ቁጥር እየሰጠን በስንተኛው ስላይድ እንደሚታይ እንወስናለን።

አብዛኞቻችን የምንጠቀመው «ፖዝ» የተባለውን ትእዛዝ ነው። ከየመስመሩ በኋላ እናስገባዋለን፤ ቁልፍ ስንጫን ቀጣዩ መስመር ብቅ ይላል። ይህ ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን ማረጋገጫን ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚጓዝ ነገር ያስመስለዋል። እኔ አሁን የምመክረው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ስላይድ ላይ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ አሳዩ፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይተው። አድማጩ «ከዚህ ወደዚያ እንዴት ይደረሳል?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ ክፍተቱን አንድ በአንድ ሙሉት። ይህን ለማድረግ «አንከቨር» እና «ኦንሊ» በሚባሉት ሁለት ትእዛዞች መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ግድ ነው። «አንከቨር» ያልተገለጠውን መስመር ቦታ ያስቀምጥለታል፤ «ኦንሊ» ግን ቦታም አይይዝለትም፤ ስለዚህ አዲስ መስመር በመጣ ቁጥር የተቀረው ጽሑፍ ወደ ታች ይዘላል። ቀመር ሲዘል የአድማጭ ዓይን አብሮ ይዘላል፤ የያዘውንም ይጥላል። በአንድ ቦታ አንዱን ቃል በሌላ ለመተካት ካልሆነ በቀር ከ«ኦንሊ» ራቁ።

የእኔን ያልታደለች ቀስት ዛሬ ባቀርባት እንዲህ አደርጋታለሁ። በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ግራ በኩል ፈንክሽኖቹ በየነጥቡ መጠጋታቸው፣ ቀኝ በኩል ኢንተግራሎቹ መጠጋታቸው ይጻፋል፤ በመካከላቸው ቀስት ሳይሆን የጥያቄ ምልክት ይቀመጣል። በሁለተኛው ላይ ከታች ያ ቀጭንና ረጅም አራት ማዕዘን ይሣላል፤ ቁልፍ በተነካ ቁጥር እየጠበበ እየረዘመ ይሄዳል፤ ስፋቱ ግን አይለወጥም። ይህን ሥዕል ጠመኔ በደንብ አይሠራውም፤ ቢመር ከቲክዝ ጋር ሆኖ ግን ግሩም አድርጎ ይሠራዋል፤ ቲክዝም የታንታው ሥራ ነው። በመጨረሻው ስላይድ ላይ የጥያቄ ምልክቱ ይነሣና በቦታው ገዳቢው ፈንክሽን ይገባል። ቀስቷ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ፍሬም ነው፤ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። በ40 ደቂቃ ውስጥ እንደዚህ ያለ ፍሬም ስንት እንደሚገባ እናንተው አስሉት።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልበል። የቢመር ስላይድ በመደበኛው ቅርጹ 128 ሚሊሜትር በ96 ሚሊሜትር የሆነች ትንሽ ወረቀት ናት፤ ፊደሉ 11 ነጥብ ነው። ለሰፊው ስክሪን 16 ለ9 ስንመርጥ 160 በ90 ይሆናል። ሠሪው ገጹን ሆን ብሎ ያሳነሰው ፊደሉ ከገጹ አንጻር ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ነው፤ ብዙ ጽሑፍ እንዳይገባም በዚያው ይከለክለናል። እኛ ግን ብልሃት እናመጣለን። ማትሪክሱ አልገባ ሲል ፊደሉን እናሳንሳለን፤ ካልሆነም ፍሬሙን ራሱ እንዲጨመቅ የሚያደርገውን አማራጭ እንጽፋለን። ከኋላ ረድፍ ያለው ተማሪ ጉንዳን ያያል። ፕሮግራሙ ገጹ ሞልቶ መፍሰሱን ሲያስጠነቅቅ የጽሑፍ መጠን ችግር ነው ብለን ባናልፈው መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሐሳብ ችግር ነው።

የተቆረጠው ዝርዝር ታዲያ የት ይሂድ? ቢመር መልስ አለው፤ ጥቂቶች ብቻ ሲጠቀሙበት አያለሁ። ከዚያው ከአንዱ ምንጭ ፋይል ተደራራቢዎቹን ስላይዶች ወደ አንድ አጠቃሎ ለአድማጭ የሚታደል ወረቀት ማውጣት ይቻላል፤ እንዲያም ሲል በሙሉ አንቀጽ የተጻፈ መጣጥፍ ማውጣት ይቻላል። በስክሪኑ ላይ የማይታይ፣ በመጣጥፉ ላይ ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ በዚያው ፋይል ውስጥ መጻፍ ይፈቀዳል። የረዳት ቲዎረሙ ሙሉ ማረጋገጫ፣ የማትሪክሱ ሃያ ዓምድ፣ የቅድመ ሁኔታዎቹ ዝርዝር ቦታቸው እዚያ ነው። ፈታኝ ወረቀቱን ይዞ ይከታተላል፤ ስላይዱ ይተነፍሳል።

የፊደላችንን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ስላይዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ተናጋሪው ግን ማብራራት ሲጀምር ሳያውቀው ወደ አማርኛ ይገባል። አድማጭ በዓይኑ አንድ ቋንቋ እያነበበ በጆሮው ሌላ ይሰማል፤ ሁለቱንም በግማሽ ይይዛል። እኔ ቢያንስ የፍሬሙን ርእስ በአማርኛ፣ ያውም «ውጤት» ወይም «ማረጋገጫ» በሚል አንድ ቃል ሳይሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ተማሪዎቼ የሚያነሡት ጥያቄ ተለውጧል። ይህ የግሌ ልምድ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ማስረጃ የለኝም።

ቀድሞ ይህ ከባድ ነበር። የጥንቱ ቴክ በአንድ ፎንት 256 ምልክት ብቻ ያስተናግዳል፤ የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ቋን፣ ሏን፣ አኀዙንና ሥርዓተ ነጥቡን ሳንቆጥር ማለት ነው። በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር ለላቴክ የአማርኛ ፎንትና ትእዛዝ ስላዘጋጁልን ምስጋና ይገባቸዋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ፣ በ2004 ደግሞ ዮናታን ኪው ዩኒኮድን በቀጥታ የሚያነብ ዚቴክን ካወጡ በኋላ ግን መንገዱ ቀና ሆኗል። ዛሬ በዚላቴክ ወይም በሉዋላቴክ አማርኛን እንዳለ መተየብ ይቻላል።

አንድ ወጥመድ ብቻ ልጠቁማችሁ። ቢመር በመደበኛነት የሚጽፈው ሰሪፍ በሌለው የፎንት ቤተሰብ ነው። ብዙ ተማሪዎች የአማርኛውን ፎንት ለዋናው የሰሪፍ ቤተሰብ ብቻ ያስታውቁና ስላይዱ ላይ ፊደሉ ጠፍቶ ባዶ ቦታ ወይም ባዶ ሳጥን ያገኛሉ። ፕሮግራሙ በዚህ ምክንያት ሥራውን አያቋርጥም፤ ማስጠንቀቂያው በሎግ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ፎንቱን ሰሪፍ ለሌለው ቤተሰብም አስታውቁ። ለስክሪን እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እመርጣለሁ፤ አቢሲኒካ ለመጽሐፍ ያማረ ነው፤ ቀጫጭን ጭረቶቹ ግን በደከመ ፕሮጀክተርና መጋረጃ በሌለው አዳራሽ ይጠፋሉ። ለቀመሮቹ ደግሞ ሰሪፍ ያለውን የሒሳብ ፊደል መመለስ ይሻላል፤ ተማሪው በመጽሐፍ የለመደው እርሱን ነው።

ስለ ቀለምና ስለ ቴማ ብዙ አልናገርም። የቢመር ቴማዎች በከተሞች ስም ተሰይመዋል፤ ዋርሶ፣ በርሊን፣ ማድሪድ፣ ሲንጋፖር እያሉ ይቀጥላሉ፤ አንድም የአፍሪካ ከተማ የለበትም፤ ምናልባት ከእናንተ አንዱ ይሠራው ይሆናል። ዋርሶን የመረጠ ሰው ከስላይዱ ራስ ላይ የምዕራፎቹን ዝርዝር ሲያስነብበን ይውላል። ከግርጌ በስተቀኝ የሚታዩትን ትንንሽ የመጓጓዣ ምልክቶች ደግሞ በሃያ ዓመት ውስጥ ሲጫን ያየሁት ሰው የለም፤ አጥፏቸውና በቦታቸው የፍሬም ቁጥር አስገቡ። ጠያቂ «ፍሬም 9ን መልስልኝ» ሊል የሚችለው ቁጥር ሲኖር ነው።

«እንዲህ ከሆነ ለምን ሁሉን ትተን ወደ ጠመኔ አንመለስም?» የሚል ይኖራል። እኔ ያን አልልም። ያን እየጠበበ የሚረዝም አራት ማዕዘን፣ የቁጥር ስሌት ውጤት፣ የሠንጠረዥ ንጽጽር፣ ለሁለት መቶ ሰው የሚሆን አዳራሽ ያለ ስላይድ አይሆንም። ነገር ግን ለፋኩልቲያችን የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ፤ የዛሬው ንግግሬም ዋና ምክንያት እርሱ ነው። በሒሳብ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናት መከላከያ ላይ ፈታኞች ከተማሪው ረዳት ቲዎረሞች አንዱን ይምረጡ፤ ፕሮጀክተሩ ለዐሥር ደቂቃ ይጥፋ፤ ተማሪው ያንን በሰሌዳ ላይ ያረጋግጥ። የትኛው እንደሚመረጥ አስቀድሞ አይነገረው።

ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ ባልደረቦቼ ሳነሣ ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንደኛው፣ ድንጋጤ ያለበት ተማሪ የሚያውቀውንም ይረሳል የሚል ነው። እውነት ነው፤ እኔም ያን ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ እንዲወጣ ይፈቀድለት፤ የምንፈትነው ትውስታውን አይደለም፤ «በምን ምክንያት?» ሲባል መመለስ መቻሉን ነው። ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው። ለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ ከ62ቱ ፍሬሞች አርባው ቢቀሩ ዐሥር ደቂቃ አይጠፋም። ስሕተት ቢገኝ ምን ይደረጋል የሚለው ግን ገና መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ ነው። በሴሚናር የተገኘ ስሕተት ይታረማል፤ እኔም አራት ወር ተሰጥቶኛል። በመከላከያ ቀን፣ ቤተሰብ አበባ ይዞ ውጭ በቆመበት ሰዓት የተገኘ ስሕተት ግን ሌላ ነው። ምናልባት ይህ የሰሌዳ ፈተና ከመከላከያው ሦስት ወር አስቀድሞ በዝግ ሴሚናር ቢደረግ ይሻል ይሆናል። በዚህ ላይ የመምህራኑንም የተማሪዎቹንም አስተያየት መስማት እፈልጋለሁ።

ዛሬ ያሳየኋችሁ ፍሬሞች ዐሥራ አራት ናቸው፤ ሁሉም ቁጥር አላቸው። ጥያቄ ያላችሁ ቁጥሩን ጥሩልኝና ልመልሰው።